ያረጀ የቤት ኮምፒውተር በጣም ቀርፋፋ ሆነብን፤ ፎርማት ላስደርገው ወይስ ሌላ መላ አለ?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቤታችን አንድ ዴስክቶፕ አለ። ያገለገለ ሆኖ ነው የተገዛው። ኮር አይ 3 ሁለተኛ ትውልድ፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ድሮ ደህና ነበር። አሁን ግን ሲበራ ዴስክቶፑ ይመጣና ማውዙ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ክሮም እስኪከፈት ሌላ ሥራ እንጀምራለን። ወርድ ላይ ሲጻፍ ፊደሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። መጻሕፍቷም የድሮ ፈተናዎቿም በፒዲኤፍ እዚህ ላይ ናቸው። አባቴም የእድሩን ሒሳብ በኤክሴል የሚይዘው በዚሁ ነው። ለአንድ ጥገና ቤት ባሳየው ገና ሳይከፍተው «ፎርማት ነው መድኃኒቱ» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ይሄ ዕቃ አልቋል፣ አዲስ ግዛ» አለ። ለአዲስ የሚሆን ገንዘብ የለንም። ትንሽ ነገር ከሆነ ግን እንደምንም እናወጣለን። የምታውቁ ሰዎች፣ ከየት ልጀምር?

ሮቢት (ደሴ)

ፎርማት አስደርገው ወንድሜ። የእኔም እንዲሁ ነበር፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ተነቃቃ። ብዙ ጊዜ ሲቆይ ኮተት ይጠራቀማል። ፍላሽ ለፍላሽ የሚመጣው ቫይረስም አብሮ ይጠፋል። ብቻ ዳታህን አስቀድመህ አውጣ።

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

የሆጤ ልጅ፣ አብሽር፤ ማሽኑ አላለቀም።

ሮቢት ያለው ውሸት አይደለም፤ ፎርማት የሚያድነው ኮምፒውተር አለ። ግን ሳይመረመር የሚታዘዝ መድኃኒት አልወድም። ችግሩ የሶፍትዌር ካልሆነ፣ ከፎርማት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ፈጠን ይልና ወደነበረበት ይመለሳል። ሰውዬው ሁለተኛ ይከፍላል። በዚህ ሥራ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

መጀመሪያ ይሄን እይልኝ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከሥር «ሞር ዲቴይልስ» የሚል ካለ ንካው። ከላይ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክ እያለ በመቶኛ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት የትኛው ነው 100 የሚደርሰው? ከዚያ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግባና ዲስኩን ንካ። «አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም» የሚል ቁጥር አለ፤ ዲስኩ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ። እሱን ጻፍልኝ። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ያሉት «ስታርትአፕ» ላይ ነው፤ ምን ምን እንዳለም እይ።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አየሁት።

ዲስኩ ከበራ ጀምሮ 100 ላይ ተቸንክሯል። ሜሞሪው ክሮም ሳይከፈት 70 አካባቢ ነው፣ ሲከፈት ከ90 ያልፋል። ሲፒዩው ከ30 ብዙም አያልፍ። ሪስፖንስ ታይም ያሉኝ ይዋዥቃል፤ አንዳንዴ ከ500 በላይ ይላል። ስታርትአፕ ላይ ቴሌግራም፣ ዩቶረንት፣ ዋንድራይቭ፣ ሁለት አንቲቫይረስ አለ። «ፒሲ ክሊነር» የሚል ደግሞ አየሁ፤ ማን እንደጫነው ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

በሽታው ታወቀ። ሲፒዩህ ሥራ ፈት ተቀምጧል። የሚጠብቀው ሃርድ ዲስኩን ነው።

ነገሩን ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ይሄን ያወቀ ሰው በጥገና ቤት አይታለልም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የዴስክቶፑ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ የላፕቶፑ 5,400። ማንበቢያው በሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ እየሄደ ነው ፋይል የሚፈልገው። አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ ምንም አይልም፤ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይትና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚጠይቀው የተበታተኑ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ለእያንዳንዷ ፍለጋ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሄዳል። በሰኞ ገበያ ቀን፣ በዚያ ግፊያ መካከል፣ አንድ አንድ ሽንኩርት እየገዙ ቤት መመላለስ በለው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገጠመው ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። ቺፕ ነው። ያችኑ ፍለጋ በ1 ሚሊሰከንድ አንድ አስረኛ ገደማ ይጨርሳታል።

ራሙም ነገሩን ያባብሰዋል። 4 ጊጋ ላይ ዊንዶውስ 10 ራሱ ብዙውን ይይዘዋል፤ ክሮም ሲጨመር ይሞላል። ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገለብጣል። የደከመው ዲስክ ሌላ ሸክም ተጫነበት ማለት ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ያ 500 ሚሊሰከንድ ነው። በሥራ የተጠመደ ዲስክ ቢዘገይም እንዲህ ከበዛ የጤና አይመስለኝም። መብራት ድንገት ሲሄድና ሲመጣ የኖረ ዲስክ ከሆነ ደግሞ አይገርምም። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት የአባትህን ኤክሴልና የእህትህን ፒዲኤፍ ዛሬውኑ ወደ ፍላሽ ገልብጥ። ነገ አትበል። ዲፍራግም (ፋይሎችን እንደገና መደርደር)፣ ቼክ ዲስክም (ዲስኩን መፈተሽ) እንዳትሞክር። የታመመን ዲስክ ከላይ እስከ ታች ማስነበብ ሊጨርሰው ይችላል። ዳታው ከወጣ በኋላ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርድ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው፤ ቢጫ ካሳየ ዲስኩ ሊሰናበትህ ነው።

እስከዚያው ያለ ገንዘብ የሚሠራው ይሄ ነው፦ ፒሲ ክሊነሩን አራግፈው። እንዲህ ያሉት «አፋጥናለሁ» እያሉ ራሳቸው ናቸው የሚጎትቱት። ሁለቱንም አንቲቫይረስ አውጣ፤ ሁለት ጠባቂ አንዱን ፋይል እየተቀባበለ ይፈትሸዋል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ይበቃሃል። ዩቶረንትና ቴሌግራም ከስታርትአፕ ይውጡ፤ ስትፈልግ ራስህ ትከፍታቸዋለህ። ትንሽ ይተነፍሳል። ተስፋህን ግን እዚህ ላይ አትጣል።

ገንዘቡ ሲገኝ 240 ወይም 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ግዛ፤ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለውን፣ እንደ ሃርድ ዲስኩ በኬብል የሚሰካውን። በዚያ ዘመን ማዘርቦርድ ላይ ቀጭኑ ኤም ዶት ቱ መሰኪያ የለም። ሻጩ «ይሄ በሰከንድ ከ500 ሜጋ በላይ ይሮጣል» ሊልህ ይችላል፤ ማዘርቦርድህ ሳታ 2 ከሆነ ከ300 አያልፍም። አትጨነቅ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የፍለጋው ፍጥነት ነው። ራም ደግሞ ሌላ 4 ጊጋ ጨምርበት፣ ዲዲአር 3 የዴስክቶፕ። አሮጌውን ራም ነቅለህ ይዘህ ሂድና እሱን የሚመስል ስጠኝ በል። ዊንዶውሱ 64 ቢት መሆኑንም አረጋግጥ፤ 32 ቢት ከሆነ የጨመርከውን ራም አይጠቀምበትም።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲው ይቅደም።

ጸሐፊዋ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ፎርማት ለምትሉ ሰዎች አንድ ነገር ልናገር። እኔ የምተዳደረው በጽሕፈት ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። አንድ ቤት ኮምፒውተሬን ፎርማት ሲያደርግ «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ብሎ ነበር። የሰው ሥራ ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ የሚባሉት ፎርማት በሚደረገው በሲ ውስጥ እንደሆኑ ያን ቀን የነገረኝ የለም። የደንበኛ ፊት እያዩ «ጠፋ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለዚህ የሆጤ ልጅ፣ ፍላሽ ላይ ከገለበጥክ በኋላ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ክፈታቸው። መገልበጡ ብቻ አይበቃም። ክሮም ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንም አስብ።

አማርኛ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ያላችሁ ደግሞ ፎንቶቹንም አውጡ። ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር አለ። የዚያን ጊዜ ጽሑፍ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ስላልሆነ፣ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ሰው «ፋይሌ ተበላሸ» ብሎ ያዝናል። ፋይሉ ግን ምንም አልሆነም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው።

የኪዮት ተማሪ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ጠጋኙ ያሉት ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም እየዘለላችሁት ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025። ለተመዘገበ ሰው አንድ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለቤት ተጠቃሚ ያከትማል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ በተጨማሪም ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። የሆጤ ልጅ 2ኛ ትውልድ ነው ያለው። በደንቡ አይቀበለውም።

እኔ የምለው በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን። ነፃ ነው። ክራክ ፍለጋ የለም፣ የፍላሽ ቫይረሶቻችን የተሠሩት ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይነሱም። ደግሞ ሳትጭነው ከፍላሽ አስነስተህ ልታየው ትችላለህ። ኢንተርኔቱ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ ከሠራ ትጭናለህ፤ ካልሠራ ፍላሹን ነቅለህ እንደነበርክ ትቀጥላለህ። የኤክሴሉን ፋይል ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል። በግቢያችን ብዙ ልጆች በአሮጌ ላፕቶፕ የሚማሩት በዚህ ነው።

ጸሐፊዋ (ደሴ፣ ፒያሳ)

የኔ ወንድም፣ ሐሳብህን ወደድኩት። ግን አማርኛው እንዴት ነው? እኔ ፓወር ግዕዝ ላይ እጄ ለምዷል። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጽፈው።

የኪዮት ተማሪ (ኮምቦልቻ)

ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ አይገባም እህቴ። አይባስ በሚባለው በኩል የአማርኛ ኪቦርድ ይጨመራል፣ ኪይማንም ለሊኑክስ አለው። ሁለቱም ዩኒኮድ ናቸው። ድምፁን በላቲን ፊደል ስትመቺ ወደ ፊደላችን ይቀይረዋል። አመታቱ ግን ካንቺው ይለያል፤ እጅሽ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

እዚህ ላይ እኔም ልግባ። የልጁን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ለእህታችን ግን አልመክርም። በጽሕፈት የሚተዳደር ሰው እጁ የለመደውን መሣሪያ በአንድ ጊዜ አይቀይርም። እሷ ዊንዶውስ ላይ ትቆይ፤ የደኅንነት ማሻሻያውን ትመዝገብ፤ ቀስ ብላ ዩኒኮድ ትልመድ። መጽሐፍ ለማንበብና ኢንተርኔት ለመክፈት ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ሚንት ጥሩ ነው። ልብ በሉ፣ ሚንትም ቢሆን በታመመ ሃርድ ዲስክ ላይ ከተጫነ ይንቀራፈፋል።

ሐረጎ (ደሴ)

ኤስኤስዲ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። ገበያው ውስጥ አቅሙን የሚዋሽ ዕቃ አለ። ላዩ ላይ 2 ቴራ ይላል፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ ያነበዋል፣ ውስጡ ግን ትንሽ ቺፕ ነው። ሲሞላ ፋይሉን ዝም ብሎ ይበላዋል። ዋጋው ለመጠኑ በጣም ከረከሰ ጠርጥሩ። «ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ እያነበበ እውነቱን ያወጣል። ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ተነጋገሩ፣ ደረሰኝም ያዙ። ፍላሽ ላይም ያው ነው።

የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ውጤቱን ልንገራችሁ፣ ለፋታችሁልኝ።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎው ቢጫ አሳየ። ጋሼ እንደጠረጠሩት ነው። ዳታው ግን አስቀድሞ ወጥቷል፤ ጸሐፊዋ እንዳለችውም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ከዚያ 256 ጊጋ ኤስኤስዲና 4 ጊጋ ራም ገዛን። ዊንዶውሱ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ተጫነ። እህቴ ሚንቱን ከፍላሽ ሞክራው ወዳው ነበር፤ አባቴ ግን የለመደውን ኤክሴል ስለፈለገ ለጊዜው ዊንዶውስ ላይ ቆየን።

አሁን ከማብሪያው እስከ ክሮም አንድ ደቂቃ አይሞላም። ያው ማሽን ነው። አባቴ «ሌላ ኮምፒውተር አመጣህ እንዴ?» ነው ያለኝ። እህቴ ፒዲኤፉንም ክሮሙንም አንድ ላይ ከፍታ ታጠናለች። ጋሼ፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ለፊልም ማስቀመጫ ላድርገው?

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

ደስ ብሎኛል። ለእህትህ መልካም ፈተና።

አሮጌው ዲስክ ቢጠፋ የማያስለቅስ ነገር ብቻ ይቀመጥበት። ዳታህ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑር። ኤስኤስዲውን ዲፍራግ አታድርገው፤ የሚያስፈልገውን ዊንዶውስ ራሱ ይሠራለታል። ደግሞ ሞልተህ አታስጨንቀው፣ ከአቅሙ የተወሰነ ባዶ ይሁን። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) መግዛት ከቻልክ ይሄን ሁሉ ነገር ከመብራት ይጠብቅልሃል። ባይሆን መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀለው፤ ሲመለስ ተረጋግቶ እስኪቆም ጠብቅ።

ኢንተርኔትህ በሞባይል ፓኬጅ ከሆነ ደግሞ የዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብራው። አለዚያ ዊንዶውስ ማሻሻያውን እያወረደ ፓኬጅህን ይጨርሳል፤ ሰውም ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው ይላል። ያልተገደበ ዋይፋይ ስታገኝ ማሻሻያውን አውርድ።

ሸዋ በር (ደሴ)

እኔም አሮጌ ዴስክቶፕ ነው ያለኝ። ቀርፋፋ ብቻ ሳይሆን ክሮም ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» እያለ አይከፍትም። ስልኬ ላይ ግን ይከፍታሉ። ቫይረስ ነው?

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

በቀኝ በኩል ከታች ያለውን ቀን እየው። ዓመቱ ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱን ትረሳለች። ድረ ገጾች የሚያሳዩት ምስክር ወረቀት በቀን የተገደበ ነው፤ ያንተ ቀን ሲዛባ ክሮም አላምንም ይላል። ባትሪዋን ቀይር፣ ቀኑን አስተካክል።

ሸዋ በር (ደሴ)

ዓመቱ 2010 ይላል! ባትሪዋን ቀየርኩ፤ ሁሉም ተከፈተ። አላህ ይስጥልኝ ጋሼ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ይሄን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኔ ግን ለየት ይላል። ላፕቶፕ ነው፣ ኤስኤስዲ አለው፣ ራሙም 8 ነው። ጠዋት ጥሩ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ቪዲዮ መቆራረጥ ይጀምራል። ደሴ ዘመድ ጋ ይዤው ስሄድ ይሻለዋል። ይሄ እውነት ሊሆን ይችላል ወይስ እኔ ነኝ የመሰለኝ?

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

እውነት ነው። ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ብትሆንም እኛ ከእሷ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው። ሙቀቱ ሌላ ነው። አቧራውን ደግሞ ታውቀዋለህ። ሲፒዩ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሶፍትዌር ብትቀያይር፣ ፎርማት ብታደርግ ለውጥ የለውም።

ላፕቶፑ ለብዙ ጊዜ ካልተከፈተ ማራገቢያውና መዳብ የመሰለው ማቀዝቀዣ መካከል አቧራው እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ላፕቶፑ ይጥፋ፣ ቻርጀሩ ይነቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይውጣ። ብሎኖቹን ፈትተህ በብሩሽና በአየር አጽዳው። በብሎወር ስትነፋ የማራገቢያውን ክንፍ በጣትህ ያዝ፤ በኃይል ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ሲፒዩው ላይ ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ ከሆነ በአልኮል ጠርገህ አዲስ ቀባው። ትንሽ ይበቃል፤ የአተር ፍሬ የምታህል። ስትከፍት ባትሪው አብጦ ካየህ እንዳትነካካው፣ እንዳትወጋው፣ ቻርጅም አታድርገው። እሱ የእሳት ነገር ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

ከዚያ በኋላ አልጋና ሶፋ ላይ አታስቀምጠው። ጨርቁ የአየር መግቢያውን ይደፍነዋል። ጠረጴዛ ላይ፣ ከኋላው ትንሽ ከፍ አድርገህ ተጠቀምበት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ገባኝ። አጎቴ መፍቻ አለው፤ ቅዳሜ አብረን እንከፍተዋለን። ብሎኖቹ የተለያየ ርዝመት አላቸው ይባላል፣ እንዴት ልያዛቸው?

ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሣልና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፈው። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ይወጋል። ክዳኑ አልነሳ ካለህ በኃይል አትገንጥለው፤ ጎማው ሥር የተደበቀ ብሎን አለ ማለት ነው። የሞዴሉን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝና የት የት እንዳሉ እነግርሃለሁ።